ደጅ ያስጠናው ዲስክ

እ.ኤ.አ. በ2006 መገባደጃ ላይ አንድ ሰው ከፍሎ የገዛውን የኤችዲ ዲቪዲ ፊልም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቶ ለማየት ተዘጋጀ። ዲስኩ ኦርጅናል ነበር። ሞኒተሩም ለእንዲህ ያለ ጥራት የሚመጥን ነው። ማጫወቻ ሶፍትዌሩ ግን አላሳይም አለ። ሞኒተሩ ኤችዲሲፒ የተባለው ጥበቃ የለውም፤ የፊልም ስቱዲዮዎቹ በተስማሙበት ደንብ ደግሞ ያ ጥበቃ የሌለው ስክሪን አይታመንም።

ሰውዬው ሌላ ሞኒተር ፍለጋ ሱቅ አልሄደም። ስምንት ቀን ገደማ ከሶፍትዌሩ ጋር ሲታገል ሰነበተና በዲሴምበር መጨረሻ «ባክአፕ ኤችዲ ዲቪዲ» ያላትን ትንሽ ፕሮግራም ለቀቀ። የሚታወቀው «ሙስሊክስ64» በሚል መጠሪያ ነው። ኋላ ምክንያቱን ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፦ ገንዘቡን የከፈለበትን ፊልም እንዳያይ መከልከሉ አናዶታል። ብዙ የተደከመበት መቆለፊያ ዲስኮቹ ገበያ ከወጡ ዓመት ሳይሞላ ተከፈተ፤ የከፈተውም ከፍሎ የገዛ ደንበኛ ነው።

ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሥር ኮምፒውተር ያስቀመጡ ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ቀድሞ ትዝ የሚላቸው የምስሉ ጥራት አይደለም። የስህተት መልእክቱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከብርሃን ነው። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር ሌዘር ነው። የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ዲስኩ ላይ የሚነበበው ጉድጓድ ሊያንስ፣ የሚጫነውም ነገር ሊበዛ ይችላል። አጭሩን ሰማያዊ ብርሃን በርካሽ ማመንጨት ግን ለዓመታት አልተቻለም ነበር። በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ መጀመሪያ ደማቁን ሰማያዊ አምፖል፣ ቀጥሎም ሌዘሩን ሠራ። በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ አምፖል ነው። በ405 ናኖሜትር ሌዘር ያው 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በአንድ ንጣፍ ከ4.7 ጊጋባይት ወደ 25 ጊጋባይት ተሻገረ። ይህ ብሉ-ሬይ ነው። ተፎካካሪው ኤችዲ ዲቪዲ የአሮጌውን ዲቪዲ አሠራር ሳይለቅ በ15 ጊጋባይት ረካ፤ ለአምራች ግን ቀላል ነበር።

ኤችዲ ዲቪዲን ከሚመራው ከቶሺባ ጀርባ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ቆሙ፤ ብሉ-ሬይን ከሚመራው ከሶኒ ጀርባ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ሳምሰንግና ሌሎችም። ስቱዲዮዎቹም ተከፋፈሉ፤ ዩኒቨርሳል ወደ ቶሺባ፣ ዲዝኒና ፎክስ ወደ ሶኒ። በኤፕሪል 2006 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቶሺባ ማጫወቻ ርካሹ 499 ዶላር ነበር። በጁን የተከተለው የሳምሰንግ ብሉ-ሬይ 999 ዶላር ተለጠፈበት። ፊልሙ ራሱ፣ ገመዱ፣ ቴሌቪዥኑ ከዚህ ዋጋ ውጭ ናቸው።

ኮምፒውተር እንደ ብልሃት የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ አብዛኛው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሙሉውን 1920 በ1080 ማሳየት አይችልም፤ 24 ኢንች የኮምፒውተር ሞኒተር ግን 1920 በ1200 ያሳያል። ኮምፒውተሩን ራሱ የገጣጠመ ሰው ሒሳቡ ቀላል መሰለው፦ ስክሪኑ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ የቀረው ዲስክ ማንበቢያ ብቻ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እየቆየ አንድ በአንድ የተማረው፣ ማንበቢያው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ቀላሉ እንደነበር ነው።

ማንበቢያውም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። ሶኒ በ2006 ክረምት ለኮምፒውተር ያወጣው የመጀመሪያ ብሉ-ሬይ ድራይቭ 750 ዶላር ያወጣ ነበር፤ አብሮት የመጣው ሶፍትዌር ግን ሱቅ የሚሸጡትን የብሉ-ሬይ ፊልሞች አያጫውትም። ባለቤቱ የራሱን ቪዲዮ ቀርጾ ሊያይበት ይችላል፤ የሆሊውድ ፊልም ግን አይሆንም። ብሉ-ሬይን ከፈጠሩት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ የሸጠው የብሉ-ሬይ ድራይቭ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ነገሩ ያስቃል።

የቸገረው መላ አያጣም። በኖቬምበር 2006 ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ 360 የሚሆን ተቀጥላ የኤችዲ ዲቪዲ ማንበቢያ በ199 ዶላር አወጣ፤ መጀመሪያ ላይ የፒተር ጃክሰን «ኪንግ ኮንግ» በስጦታ አብሮት ይመጣ ነበር። የጌም ተጫዋቾች ዕቃ ቢሆንም የሚገናኘው በተራ የዩኤስቢ ገመድ ነው። ኤክስቦክስ የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየገዙ ኮምፒውተራቸው ላይ ሰኩት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ዲስኩ ላይ ያለውን አዲስ የፋይል አቀማመጥ ስለማያውቅ የሚያነብለት ድራይቨር ለብቻው መጫን ነበረበት። ተጫነ። ዲስኩ ተነበበ። ፊልሙ ግን ይንገጫገጭ ጀመር።

የዲቪዲ ምስል በሰከንድ ቢበዛ ወደ 10 ሜጋቢት ቢያስተላልፍ ነው፤ የብሉ-ሬይ ምስል እስከ 40 ይደርሳል። መጠኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ኤች.264 የሚባለው አዲሱ የመጭመቂያ ስልት ቦታ በመቆጠብ ያኔ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ለመፍታት ግን ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል። ትናንት የኩራት ዕቃ የነበረው ፔንቲየም 4 ፈጣን እንቅስቃሴ ባላቸው ትዕይንቶች ላይ ይሰናከላል፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይከተላል። በጁላይ 2006 የወጣው የኢንቴል ኮር 2 ዱኦ ትንፋሽ ሰጠ። ትክክለኛው እፎይታ የመጣው ግን በ2007፣ ኤንቪዲያ በጂፎርስ 8600 እና 8500፣ ኤቲአይ ደግሞ በራዲዮን ኤችዲ 2600 ካርዶቻቸው ላይ ይህንኑ ሥራ ብቻ የሚሠራ ክፍል ሲያክሉ ነው። የሚገርመው መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ካርዶች ከውዶቹ ቀድመው ይህን ክፍል ማግኘታቸው ነው። በጣም ውዱን ጂፎርስ 8800 የገዛ ሰው ፊልም ሲያይ ፕሮሰሰሩ ይለፋለት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ችግር የአቅም ነው፤ ገንዘብና ጊዜ ይፈቱታል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ኤችዲሲፒ የኢንቴል ሥራ ነው። ግራፊክስ ካርዱና ሞኒተሩ ምስሉ ሳይተላለፍ በፊት የሚስጥር ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ከተግባቡ በኋላም በየጥቂት ሰከንዱ ግንኙነቱ እንዳልተቀየረ ይፈትሻሉ። ከሁለቱ አንዱ ያን ቁጥር የያዘውን አካል ካጣ ፊልሙ በዲጂታል ገመድ አያልፍም። በ2006 መጀመሪያ ሲመረመር፣ ለዚህ ዝግጁ ናቸው ተብለው ሲሸጡ የነበሩ ብዙ ካርዶች ቁልፉ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። የውስጡ ቺፕ ይችላል፤ ካርዱ ላይ መገጠም የነበረበት ቁልፍ ግን አልተገጠመም። በኋላ በሶፍትዌር ማደስም አይቻልም። ካርዱን መጣል ነው።

ቀልድ የሚመስለው ደግሞ አሮጌው ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ገመድ ነበር። እሱ ዲጂታል ስላልሆነ ጥበቃው አይመለከተውም፤ ስለዚህ ዲጂታል ገመድ የተከለከለው ሰው አሮጌውን ሰክቶ ያይ ነበር። ስቱዲዮዎቹ በዚህ በኩል ጥራቱን ወደ 960 በ540 የሚያወርድ ምልክት ዲስኩ ላይ የማስቀመጥ መብት ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ግን ደንበኛ ፈርተው አልተጠቀሙበትም። በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የዚህኑ ጥበቃ አጥር እስከ ውስጡ ድረስ ዘረጋ። የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፒተር ጉትማን ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚተነትን ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ብዙ ክርክር አስነሳ። ማይክሮሶፍት መልስ ሰጠ። ተራው ተጠቃሚ ግን ሁለቱንም አላነበበም፤ እሱ የሚያውቀው ፊልሙ አለመከፈቱን ነው።

ዲስኩ ላይ ያለው መቆለፊያ ኤኤሲኤስ ይባላል። ዲዝኒ፣ ዋርነር፣ ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ፓናሶኒክ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ማይክሮሶፍት በጋራ ያቆሙት ነው። ከዲቪዲው ስህተት ተምረናል ብለው ነበር። የዲቪዲው መቆለፊያ ባለ 40 ቢት ብቻ ስለነበር በ1999 ሲሰበር ለዘለዓለም ተሰበረ፤ ከዚያ ሥራ ጋር ስሙ የተያያዘው ኖርዌያዊው ዮን ሌክ ዮሃንሰን ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። እሱም ዲስኮቹን በሊኑክስ ለማየት እንደፈለገ ተናግሯል፤ የኦስሎ ፍርድ ቤቶች በ2003 ሁለት ጊዜ ነጻ ለቀውታል። አዲሱ መቆለፊያ ባለ 128 ቢት ሆነ። ከዚያም በላይ፣ እያንዳንዱ ማጫወቻ የራሱ ቁልፍ ተሰጠው። አንዱ ቁልፍ ከወጣ በኋላ የሚታተሙት ዲስኮች፣ በር ላይ የማይገቡ ሰዎች ስም ዝርዝር እንደተሰጠው ዘበኛ፣ ያን ቁልፍ የያዘውን ማጫወቻ ይመልሱታል።

በወረቀት ላይ ድንቅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ማጫወቻው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር ደግሞ ፊልሙን ለማሳየት ቁልፉን ለአፍታም ቢሆን ሚሞሪ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ሙስሊክስ64 የተመለከተው እዚያ ነው። በፌብሩዋሪ 2007 ሌላ ሰው ከአንድ ፊልም አልፎ እስከዚያ ጊዜ የወጡትን ዲስኮች ሁሉ የሚመለከተውን የጋራ ቁልፍ አገኘ። አሥራ ስድስት ባይት ብቻ ነው፤ በእስክሪብቶ መዳፍ ላይ ይጻፋል።

የኤኤሲኤስ ጠበቆች ያን ቁጥር ያተሙ ድረ ገጾች እንዲያነሱት ደብዳቤ መላክ ጀመሩ። ሜይ 1 ቀን 2007 ዲግ የተባለው የዜና መድረክ ቁጥሩን መሰረዝ ሲጀምር ተጠቃሚዎቹ አመፁ፤ የፊት ገጹን በቁጥሩ ሞሉት። መሥራቹ ኬቨን ሮዝ በዚያው ሌሊት ተሸንፎ መሰረዙን እንደሚያቆም አስታወቀ። ቁጥሩ ቲሸርት ላይ ታተመ፣ ዘፈን ተሠራለት፣ በቀለማት ተተርጉሞ ባንዲራ ሆነ። ስለ ኤችዲ ዲቪዲ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ቁጥሩን አዩት።

ቅጣቱ የወደቀው ግን ሌላ ሰው ላይ ነበር። ዊንዲቪዲ የተባለውን ማጫወቻ በሕጋዊ መንገድ የገዙ ደንበኞች በኤፕሪል ወር ሶፍትዌራቸውን ካላደሱ ዲስክ ማጫወት እንደማይችሉ ተነገራቸው፤ ቁልፉ ተሽሯልና። ያደሰ አየ፣ ያላደሰ ቀረ። ሰባሪዎቹ ደግሞ አዲሱን ቁልፍ የያዙት ዲስኮች ገና ሱቅ ሳይደርሱ ከፍተውት ነበር። በዚያ ሰሞን መቀመጫውን አንቲጓ ያደረገው ስላይሶፍት የሚሸጠውን ኤኒዲቪዲ ኤችዲ የገዙት ብዙዎቹ ሊሰርቁ ያሰቡ አልነበሩም። ፕሮግራሙ ጥበቃውን ከጀርባ ሆኖ ስለሚያነሳ ሞኒተሩ ምንም ይሁን ምን ፊልሙ ይከፈታል። አንድ ሰው ዲስክ፣ ድራይቭና 100 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፓወርዲቪዲ የተባለ ማጫወቻ ሶፍትዌር ከገዛ በኋላ፣ ሦስቱ እርስ በርሳቸው እንዲታረቁለት ብቻ ለአራተኛ ዕቃ ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ ሰው ሌባ የሚለው ስም ፈጽሞ አይገባውም።

የቅርጸቶቹ ጦርነት ያለቀው ከዚህ ሁሉ ጋር ሳይገናኝ ነው። ዋርነር ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ወደ ብሉ-ሬይ ብቻ መዞሩን አስታወቀ፤ ኔትፍሊክስና ዋልማርት ተከተሉ፤ ቶሺባ ፌብሩዋሪ 19 ቀን እጁን ሰጠ። የኤክስቦክሱ ማንበቢያ በ50 ዶላር ሲጣል፣ በርካሽ ዲስክ ለመሰብሰብ የተሻሙ ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ፓወርዲቪዲ 8 ሲወጣ ኤችዲ ዲቪዲ የማጫወት ችሎታው ተነሥቶ ተገኘ። መቶ ዲስክ የሰበሰበ ሰው አሮጌውን 7.3 እንደ ዓይኑ ብሌን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሻሽሉ የሚለውን መልእክት በመጣ ቁጥር እምቢ ማለት ነው።

አሸናፊውስ? በኦክቶበር 2008 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ አዲስ ማክቡክ ሲያስተዋውቅ ብሉ-ሬይ ለምን የለም ተብሎ ተጠየቀ። ፊልሙን ማየት ደስ እንደሚል፣ የፈቃዱ አሰጣጥ ግን ጣጣ የታጨቀበት ከረጢት መሆኑን ተናገረ። አፕል የብሉ-ሬይ ማኅበር የቦርድ አባል ነበር፤ ማክ ግን ከብሉ-ሬይ ድራይቭ ጋር ተሸጦ አያውቅም። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ጋር የብሉ-ሬይ ፊልም ማጫወቻ አስገብቶ አያውቅም፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ የዲቪዲውም ማጫወቻ ተነሣ። ሊኑክስ ላይ ነገሩ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ወደቀ፦ የቪኤልሲ ሰዎች ብሉ-ሬይን ማንበብ የሚችሉ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፣ ቪኤልሲ 2.0 በ2012 ለሙከራ አቀረበው፤ የቁልፍ ፋይሉን ግን ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ድምፅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነበር። ያልተቀነሰው የዶልቢና የዲቲኤስ ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከግራፊክስ ካርድ በቀጥታ መውጣት የጀመረው በሴፕቴምበር 2009 ከራዲዮን ኤችዲ 5000 ካርዶች ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ የሚታየው በቪሲዲና ብዙ ፊልም በታጨቀበት የተባዛ ዲቪዲ ነበር። ብሉ-ሬይ ዲስክ በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ቃሉን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚያስጭን ወጣት ከፋይሎቹ መካከል ስሙ ላይ «ብሉሬይ» እና «1080ፒ» የተጻፈበትን መርጦ ይወስዳል። ያ ፋይል ከብሉ-ሬይ ዲስክ ላይ ተከፍቶ፣ ኤክስ264 በተባለው ነጻ ፕሮግራም ተጨምቆ፣ ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ የመጣ ነው። ኤችዲሲፒ አልጠየቀውም፣ ቁልፍ አላስፈለገውም፣ በተራ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይከፈታል። ከመቆለፊያው ጋር የታገለው ኦርጅናሉን የገዛው ሰው ብቻ ነበር።

በውጭ ላለው ሐበሻ ደግሞ ጣጣው ዲስክን በተሸጠበት የዓለም ክፍል የሚወስነው የክልል ኮድ ነበር። ዋሽንግተን የተገዛ ዲቪዲ ክልል 1 ነው፤ ዱባይና ቴል አቪቭ ክልል 2፤ አዲስ አበባ ክልል 5። የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ክልሉን አምስት ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፤ ከዚያ ባለበት ይደርቃል። ብሉ-ሬይ ዓለምን በሦስት ፊደል ስለከፈላት ነገሩ ቀለል አለ፤ አፍሪካ፣ አብዛኛው አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ «ቢ» ውስጥ ናቸው። የአሜሪካው «ኤ» ግን አሁንም ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሲመጣ ላይከፈት ይችላል።

በ2016 የአራት ኬው አልትራ ኤችዲ ብሉ-ሬይ ወጣ። እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፤ የክልል ኮድም ተነሣለት። ኮምፒውተር ላይ ለማየት ግን በ2017 የተጠየቀው ዝርዝር ከቀድሞው ሁሉ የጠበቀ ነበር፦ ሰባተኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ዊንዶውስ 10፣ ኤችዲሲፒ 2.2 ያለው ስክሪን፣ አዲስ ድራይቭ፣ ፓወርዲቪዲ 17። ከሁሉም በላይ ኤስጂኤክስ የተባለው፣ ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሠራው የተከለለ የሚስጥር ክፍል ያስፈልግ ነበር። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ገና ከበሩ ይመለስ ነበር። ምስሉ መውጣት የነበረበትም በማዘርቦርዱ በኩል ስለሆነ፣ ውድ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ገመዱን ከካርዱ ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ ነበር።

ከዚያ ተመራማሪዎች በኤስጂኤክስ ላይ ቀዳዳ ማግኘት ጀመሩ፤ ፎርሻዶው በ2018፣ ፕላንደርቮልት በ2019። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ ከሚሸጣቸው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ክፍሉን አነሣው። በጃንዋሪ 2022 ወሬው ሲሰማ የተረጋገጠው ይህ ነው፦ ያን ጊዜ ገበያ ላይ ያለው አዲስና ፈጣን ኮምፒውተር የአራት ኬ ዲስክ በሕጋዊ መንገድ ማጫወት አይችልም፤ የአምስት ዓመት አሮጌው ይችላል። የፓወርዲቪዲ አምራች ሳይበርሊንክ ደንበኞቹ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ትውልድ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ይዘው እንዲቆዩ፣ ወደ ዊንዶውስ 11ም እንዳይሻገሩ መከረ። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው የአንዳንድ ድራይቮችን የውስጥ ፕሮግራም ቀይሮ፣ ሜክኤምኬቪ በተባለ ሶፍትዌር ፊልሙን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ያያል። ልክ እንደ 2006ቱ።

ምክሩን የሰሙም አሉ። በ2017 ለዚሁ ብለው የገጣጠሙትን ማሽን ለዲስክ ብቻ አቆይተው ሌላውን ሥራ በአዲሱ ይሠራሉ። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ለደኅንነቱ ሲባል ማሽኑን ከኢንተርኔት መነጠል ይሻላል፤ የማጫወቻው ቁልፍ የሚታደሰው ግን በኢንተርኔት ነው።